ደሴ የመማር ከተማ ትሁን ካልን ነዋሪውን እንዴት እንጠይቀው?

ከተማችን «የመማር ከተማ» ትሁን የሚል ሐሳብ ልባችሁ ገብቶ፣ ግን ሰዉ ምን ይላል፣ ከማንስ እንጀምር ብላችሁ ለተቸገራችሁ ነው ይህን የምጽፈው። የምኖረው ደሴ ነው። አስተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ደብተር ይዘን ከአራዳ እስከ ቦሩ ሜዳ፣ ከሰኞ ገበያ እስከ ገራዶ ሰው ስንጠይቅ ከርመናል። የተሳካልን አለ፣ ደግመን መሄድ ያስፈለገንም አለ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ለራሳችሁ በደንብ ይግባችሁ። ዩኔስኮ ሃምቡርግ ባለው የዕድሜ ልክ ትምህርት ኢንስቲትዩቱ በኩል የሚመራው የዓለም የመማር ከተሞች መረብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ቤጂንግ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተደርጎ የመማር ከተማ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መግለጫ ወጣ። ዛሬ መረቡ ውስጥ ከ350 በላይ ከተሞች አሉ። «ይሄ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ባሕር ዳርን ጥሩለት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመማር ከተማ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተሸለሙት 12 ከተሞች አንዷ እሷ ነበረች።

ሐሳቡ ትምህርት ከትምህርት ቤት አጥር ይውጣ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለው ትምህርት ለሁሉም ይድረስ፣ ቤተሰብና ሰፈር መማሪያ ይሁን፣ ሰው በሥራ ቦታው ይማር፣ ስልኩም ኮምፒውተሩም ለመማር ይዋል፣ ጥራት ይኑር፣ መማር በማንኛውም ዕድሜ የተለመደ ነገር ይሁን፤ ስድስቱ ነጥቦች እነዚህ ናቸው። መረቡ ውስጥ ለመግባት የከተማው ከንቲባ ቃል መግባት አለበት፣ ጥያቄውም በአገሪቱ የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ያልፋል። ያ ግን የኋላ ጉዳይ ነው። ነዋሪው ሳይጠየቅ የተፈረመ ወረቀት ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ሰፈር አይወርድም።

ስትጠይቁ ታዲያ ስሙን ቤት አስቀምጡት። «ደሴ የመማር ከተማ ብትሆን ይደግፋሉ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ማን አይደግፍም? «የተማረ ይግደለኝ» በሚል አገር ትምህርት ይቅርብኝ የሚል ሰው አታገኙም። ሁሉም «አዎ፣ ሸጋ ነው» ይላችኋል፣ ደብተሩ ይሞላል፣ ውስጡ ግን ምንም የለም። ደግሞ ቃሉን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚሰማው። አንድ አባት «ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊጨመርልን ነው?» አሉኝ። ሌላኛው «የዕድሜ ልክ ትምህርት» ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ዕድሜ ልክ የሚባል እስራት እንጂ ትምህርት ሰምተው አያውቁማ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ትቼዋለሁ።

ከቃሉ የባሰው ደግሞ ደብተሩ ነው። ወሎ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው መዝጋቢ ነው። ከ66ቱ ረሃብ ጀምሮ እስከ 2014ቱ ጦርነት ድረስ ይህ ሕዝብ ስሙን ያስመዘገበው ለስንዴና ለዘይት ነው። ስለዚህ ገና ሰላምታ እንደጨረሳችሁ፣ ሳትቀመጡ፣ እንዲህ በሉ፦ ይህ የዕርዳታ ምዝገባ አይደለም፣ ከማንም አልተላክንም፣ ስም አንጽፍም፣ ገንዘብም አናመጣም፤ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ምን መማር እንደሚፈልግ ልንሰማ ነው የመጣነው። የላካችሁ መሥሪያ ቤት ካለ ደግሞ ስሙን ተናገሩ። ይህን ስትሉ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ይኖራል። ይሂድ፤ የቀረው የሚነግራችሁ ከልቡ ነው። ስም አንጽፍም ካላችሁ ደግሞ በእውነት አትጻፉ፣ ድምፅ ለመቅዳትም ፈቃድ ጠይቁ፣ ያላችሁበትን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

የት ትሄዳላችሁ? አዳራሽ ጠርታችሁ ሰው አትሰብስቡ። አዳራሽ ውስጥ የሚናገረው ሁልጊዜ የሚናገረው ሰው ነው። ሰው ተሰብስቦ ወዳለበት እናንተ ሂዱ። ለኛ ከሁሉም የሠራልን ቅሬ ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለቴ ነው። ቅሬ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፣ ሀብታሙም ድሃውም አለ፣ ድንኳኑና ወንበሩም የጋራ ነው። መጀመሪያ የቅሬውን ዳኛ ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ ስብሰባቸው ሲያልቅ ሃያ ደቂቃ ይስጧችሁ። ለቅሶ ላይ ግን ወረቀት ይዛችሁ እንዳትገቡ። እሱ ነውር ነው።

ከቅሬ ቀጥሎ ጋራዥ፣ የባጃጅ ተራ፣ የወፍጮ ቤት ወረፋ፣ የጸጉር ቤት፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች የሚያነቡበት ካፌ አለላችሁ። ኮምቦልቻን ከጨመራችሁ የፋብሪካውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ፈረቃ በሚቀይርበት ሰዓት በር ላይ ቁሙ፤ የሚወጣውን ጠይቁ እንጂ የሚገባውን አትያዙት። ደሴ ውስጥ ሰኞ ጠዋት ነጋዴ አይጠየቅም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ነጋዴዋም ልታወራ ትፈልጋለች። ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ጁምዓ አለ። በረመዳን ከአስር ሰዓት በኋላ ሴቶችን አታስቸግሩ፣ ማፍጠሪያ ላይ ናቸው። በጾም ቀንም ቅዳሴ የሄደ ሰው እስኪመለስ ጠብቁ። ሐምሌና ነሐሴን ደግሞ ባትጀምሩት ይሻላል፣ የደሴን ዝናብና ጭጋግ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሴቶችን ሴት ትጠይቅ። ቡና ላይ ከተቀመጣችሁ ደግሞ አቦል ጠጥታችሁ አትነሡ። በአቦሉ ሰው የሚነግራችሁ ለእንግዳ የሚባለውን ነው። «መማርማ ጥሩ ነው፣ ለልጆቹ ይሁንላቸው» ይባላል። ቶናው ሲወርድ ብሶቱ ይመጣል። አንዲት እናት ጎልማሶች ትምህርት ተመዝግባ እንደነበር የነገረችኝ በረካው ላይ ነው፤ የሁለት ዓመቱን የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ጀምራ ሁለት ወር እንኳ ሳትማር ነው የተወችው። ለምን? ሰዓቱ እንጀራ የምትጋግርበት ሰዓት ነበር። የምትኖረው ደግሞ እንጀራ ሸጣ ነው። አንድም ሰው በስንት ሰዓት ይመችሻል ብሎ አልጠየቃትም። በዚያ ላይ የተቀመጠችው የሦስተኛ ክፍል ልጆች ዴስክ ላይ ነበር፣ ጉልበቷ አይገባም፣ የጎረቤት ልጆች በመስኮት ያዩዋታል። «አፈርኩ» አለችኝ ስኒውን እያዞረች። እኔ ይህን ቃል ደብተሬ ላይ ሦስት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ታዲያ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? እኛ ከብዙ ሙከራ በኋላ አራት ጥያቄ ላይ ነው የረጋነው። በቅርብ ጊዜ፣ ከዚህ በፊት የማትችለውን ምን ቻልክ፣ ማንስ አሳየህ? መማር ፈልገህ የተውከው ነገር አለ፣ ምን አስተወህ? አንተስ ለሌላ ሰው ልታሳየው የምትችለው ምንድን ነው? ሰፈርህ ውስጥ የመማሪያ ቦታ ቢከፈት የት ቢሆን፣ በስንት ሰዓት ቢሆን ትመጣለህ? በቃ። ለትልልቅ ሰው «እርስዎ» እያላችሁ፣ ለእኩያ «አንተ» እያላችሁ። አምስተኛ ጥያቄ አትጨምሩ፣ ይልቅ «እስቲ እሱን ይንገሩኝ» ማለትን ልመዱ።

ከጥያቄውም በላይ ግን የሰዉን እጅ እዩ። ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ እናት አሉ። ምን መማር ይፈልጋሉ ብዬ ስጠይቃቸው «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልጄ! ዓይኔም ደክሟል» ብለው ዝም አሉ። እኔም «ፍላጎት የለም» ብዬ ልጽፍ ነበር። ያኔ ስልካቸው ጮኸ። ቴሌብር ነው። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ስልኩን ወደኔ ዘረጉት። «እስቲ እዪልኝ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው የሚለው?» አነበብኩላቸው። ሁልጊዜ ማን ነው የሚያነብልዎት ስላቸው አጠገባቸው ያለውን ተሸካሚ ልጅ አሳዩኝ፤ እሱ ከሌለ ከፋዩ ራሱ። አንድ ቀን አንድ ወጣት የቆየ መልእክት አሳይቷቸው «ከፍያለሁ» ብሎ ሦስት ኪሎ በርበሬ ይዞ ሄዷል። «ታዲያ ይቺን ራስዎ ማንበብ ቢችሉስ?» አልኳቸው። «ለዚችማ ማታ ማታ እመጣለሁ፣ ዋናው ገባ አልገባ የሚለውን ልወቅ፣ ቁጥሩን ልወቅ።» ልብ በሉ፣ እኚህ ሴት ትምህርት አልፈልግም ብለው ነበር። ያልፈለጉት ትምህርት ቤት ነው። ስልኩ ባይጮህ ኖሮ እኔ በስህተት ጽፌ እሄድ ነበር፣ እሳቸውም ቁጥር ሆነው ይቀሩ ነበር።

ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያገኘሁት መካኒክም እንደዚሁ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገው፣ ሥራውን ያወቀው ቁልፍ እያቀበለ ነው። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ ወድቋል። «ጽሑፉ ላይ ነው የጣለኝ፣ ሞተሩ ላይ ቢያቆሙኝ ማን ይበልጠኛል?» አለኝ፣ እጁ ጥቁር ዘይት ነው። እሱ የሚፈልገው ሥራ የሚያስተምረው ሰው አይደለም። የሚያውቀውን ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚያሰፍር የሚያሳየው ሰው ነው። ሥሩ ደግሞ አራት ልጆች ያሠለጥናል፤ ማንም አስተማሪ ብሎ ቆጥሮት አያውቅም።

ሦስተኛውን ጥያቄ፣ ምን ታሳያለህ የሚለውን፣ እንዳትዘሉት። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሰው መጀመሪያ «እኔ ምን አውቄ» ይላል። ትንሽ ታግሳችሁ ጠብቁ። ጅዳና ቤይሩት ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ልጅ አረብኛ እንደ ውሃ ትናገራለች፣ ሕመምተኛ ሽማግሌ እንዴት እንደሚገለበጥና እንደሚታጠብ ታውቃለች፤ እኛ ግን ስናገኛት ሥራ የሌላት ብለን ነው የምንመዘግባት። ንብ የሚያነብ አለ፣ ጋቢ የሚሸምን አለ፣ መንዙማ የሚያወጣ አለ፣ ቅኔ የሚቆጥር አለ። ሁላችንም «ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ» እንላለን። እንግዲህ ምን ያስተምር እንደነበር አንድ በአንድ ጠይቀን እንጻፈው።

ሐሳቡን ለሽማግሌዎች ማስረዳት ከከበዳችሁ ወደ ሩቅ አትሂዱ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን አንሡላቸው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ የተማሩበት ቦታ ከደሴ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሆንም። ዳናና ጌታ የሚባሉትን የወሎ ቦታዎች አንሡላቸው፤ ደረሳው ከስንት አገር ተጉዞ ሼሁ እግር ሥር የቀራባቸው ናቸው። የቆሎ ተማሪውንም ደረሳውንም ያበላው ማን ነው? የሰፈሩ ሰው ነው። እናቶች ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው እንጀራና ንፍሮ ይሰጡ ነበር፤ የማያነብ ሰው የሚያነበውን ተሸክሞ ኖሯል። ይህን ስል አንድ ሀጂ «እና እኛ ድሮም እንዲህ ነበርና!» አሉኝ። አዎ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሚያስታውሱም ብዙ ናቸው፤ ማታ በኩራዝ ፊደል የቆጠሩ፣ ዛሬም ስማቸውን የሚጽፉ። እነሱን ምን እንደረዳቸው፣ ምን እንዳማረራቸው ጠይቁ። ወጣቱ የማያውቀው ብዙ ነገር አላቸው።

አሁን ደግሞ መስማት የማትፈልጉትን ስለመጻፍ። «ተምሬ ምን አገኘሁ?» የሚል ወጣት በእርግጠኝነት ይገጥማችኋል። ዲግሪ ይዞ ሦስት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ ስለ መማር ከተማ ስትነግሩት ይናደዳል። አትከራከሩት። ሙሉውን ጻፉት። ውሃ በሳምንት አንዴ ሲመጣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ታወሪያለሽ ወይ ያለችኝም አለች፣ ሰላሙ ይቅደም ያሉኝም ብዙ ናቸው። እነዚህ ሐሳቡን የሚያፈርሱ መስሎን መጀመሪያ ላይ በኅዳግ ነበር የምንጽፋቸው። ስህተት ነበር። የከተማው ሰው ትምህርትን ከሥራ፣ ከውሃና ከሰላም ለይቶ አያየውም፣ ለይታችሁ ካቀረባችሁለት ዕቅዱ የሱ አይደለም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ የዚያ ልጅ ንዴት ከብዙዎቹ «ሸጋ ነው» የበለጠ ጠቅሞኛል።

ስትጽፉ ሰዉ ያለውን እንዳለው ጻፉ። «የባጃጅ የለኝም» ካለች «የባጃጅ የለኝም» ነው የሚጻፈው፤ «የኢኮኖሚ አቅም ማነስ» ብላችሁ ከተረጎማችሁት የባጃጁ ነገር ጠፋ። ባጃጁ ካልጠፋ ግን መፍትሔው ይታያችኋል፣ ትምህርቱን ወደ ሰፈሯ ማምጣት ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዱ ያውራ፣ አንዱ ይጻፍ፣ ማታውኑ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አንብቡት፣ ለነገ ካላችሁ ግማሹ ይረሳል።

ስንት ሰው ይበቃል ለሚለው፣ እኛ ያደረግነው መልሱ መደጋገም እስኪጀምር መጠየቅ ነው። ግን ማን እንደቀረ ሁልጊዜ ቁጠሩ። እኛ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመን ስናይ መስማት የተሳነው ሰው አንድም አልጠየቅንም፣ ተፈናቅለው ዘመድ ቤት ያሉትን አልጠየቅንም፣ የቤት ሠራተኞችን አልጠየቅንም፣ ከመሀል ከተማ ውጭ ያሉትንም የጠየቅነው ጥቂት ነበር። ተመልሰን ሄድን። የቤት ሠራተኞቹን ያገኘናቸው እሑድ ከሰዓት፣ እረፍት በወጡበት ነው፤ አሠሪ ፊት ጠይቃችሁ እውነት አትጠብቁ።

ከዚያ መለየት ነው። እያንዳንዱን ንግግር በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ምንጣፍ ላይ ዘርጉት። መጀመሪያ በስድስቱ የዩኔስኮ ነጥቦች አትከፋፍሉት። ሰዉን ባስተወው ነገር ክፈሉት፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ብር፣ ሐፍረት፣ ወረቀት ማጣት። የኛ ምንጣፍ ላይ ትልቁ ክምር ብር ይሆናል ብለን ነበር። ሰዓትና ሐፍረት ሆነው ተገኙ። ስድስቱን ነጥቦች በኋላ፣ ለከተማ አስተዳደሩ ስታቀርቡ ተጠቀሙባቸው፤ በርበሬ ሻጯ እናት ስልክ ለመማር ይዋል የሚለው ሥር ይገባሉ፣ መካኒኩ በሥራ ቦታ መማር የሚለው ሥር። ወሎ ዩኒቨርሲቲም የማኅበረሰብ አገልግሎት ሥራው ስለሆነ እዚያም ይዛችሁ ሂዱ። የሚያስተምር ተማሪ አለው፣ ምሳሌ ይዛችሁ ስትቀርቡ ደግሞ ከሪፖርት የበለጠ ይሰሟችኋል።

ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ወደ ጠየቃችኋቸው ሰዎች ተመለሱ። ይህን ብቻ እባካችሁ እንዳትዘሉ። ከዓመታት በፊት እኔም ቤት አንድ መጠይቅ መጥቶ ነበር፤ አርባ ጥያቄ ሞልቼ ሰጠሁ፣ የመጣ መልስ የለም፣ ምን ላይ እንደዋለ እስከዛሬ አላውቅም። በቀጣዩ ጊዜ ሌላ መጠይቅ ሲመጣ እናቴ በሩን አልከፈተችም። ሰው የሚሰለቸው ጥያቄ አይደለም፣ ጠይቆ መጥፋትን ነው።

እኛ መጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ቅሬ ተመልሰን የጻፍነውን ጮክ ብለን አነበብንላቸው። ስም የለም፣ ቃላቸው ብቻ ነው። አንዳንዱ ላይ «እንደሱ አላልንም» ተባልን፣ እዚያው አረምን። «አፈርኩ» የሚለውን ስናነብ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት «እውነቷን ነው፣ እኔም በሱ ነው የተውኩት» አለች፣ ሌላዋም ቀጠለች። ትምህርቱ ትምህርት ቤት ሳይሆን የቅሬው ዕቃ በሚቀመጥበት ቤት ይሁን፣ ወንበሩም የትልቅ ሰው ነው፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ እንጀራው ካለቀ በኋላ ይሁን ያሉት ራሳቸው ናቸው። በስልክ እንጀምር አሉ፣ በፊደል ሳይሆን። የመለስተኛ ክሊኒክ ነርስ የሆነች ልጅ እኔ አሳያለሁ አለች።

የቅሬው ዳኛ እስኪያልቅ ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ ተነሡና በሩን ከፍተው የታጠፈውን ድንኳንና የተደረደሩትን ድስቶች አዩ። «ድስቱን ወደዚያ ጥግ ብንገፋው ይበቃል» አሉ። «ሰሌዳ ግን ከየት እናመጣለን?»